ለደጋው መንገድ የሚሆን ሞተር

የመጋቢ ሚስት ስለ ጸሎትና ስለ ልጆች አስተዳደግ እንጂ ስለ መኪና ሞተር ትጽፋለች ብላችሁ እንደማትጠብቁ አውቃለሁ። ነገር ግን በትዳር ዘመኔ ከተማርኩት ትምህርት አንዱን የተማርኩት በጎንደር ጋራዥ ውስጥ፣ ዘይት በጠጣ መሬት ላይ ቆሜ ነው።

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ነበር። ባለቤቴ የሚያገለግልበት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ነበረን። ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ ወደ ዳባትና ደባርቅ፣ አንዳንድ ጊዜም ሊማሊሞን ወርደን እስከ አዲ አርቃይ ድረስ እንሄድበት ነበር። መኪናው አማኞችን ብቻ አልነበረም የሚጭነው። እህልም፣ በሽተኛም፣ ሙሽራም ጭኗል። ከዓመቱ በፊት መካኒካችን የራዲያተሩ ክዳን ጎማ እንዳለቀ ነግሮን ነበር። የቤቱን ገንዘብ የምይዘው እኔ ነኝ። «በሚቀጥለው ወር» አልኩ። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደባርቅ ላይ ለባለትዳሮች ትምህርት ልንሰጥ ተነሣን። መንገዱን የምታውቁት ታስታውሱታላችሁ። ከጎንደር ወጥታችሁ ወለቃን ካለፋችሁ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ኮሶዬ ስትደርሱ በግራ በኩል ምድር የተቆረጠች ይመስል ገደሉ ይከፈታል፤ ቆላው ከሥር በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ከዚያ ወዲያ የወገራ ሜዳ ነው፤ ገብስ፣ በግ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጋቢ የተከናነበ እረኛ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። እኛ ግን ያን ቀን አምባ ጊዮርጊስ አልደረስንም። ኮሶዬን ሳናልፍ የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ወጣ፤ ከሞተሩ ክዳን ሥር እንፋሎት ተነሣ።

ባለቤቴ «ይቀዝቅዝ፣ እንጠብቅ» አለ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። «ሰው እየጠበቀን ነው፤ በጀሪካን ያለውን ውሃ ጨምርበትና እንሂድ» አልኩት። ደግሜ ደጋግሜ ወተወትኩት። በመጨረሻ ጨመረው። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ! ድምፁን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለ ፍቅርና ስለ መደማመጥ ልናስተምር የወጣን ባልና ሚስት መንገድ ዳር ተኮራርፈን ተቀመጥን። በጭነት መኪና ተጎትተን ወደ ጎንደር ተመለስን።

የመካኒካችን ፍርድ አጭር ነበር። «ቴስታታው ተሰንጥቋል። ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል። ብሮንዚኒውም ተበልቷል።» ይህን የጋራዥ ቋንቋ ስሰማ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያኖች በኢትዮጵያ የመጨረሻ ይዞታቸውን የተሸነፉት እዚሁ ጎንደር፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። እነርሱ ሄዱ፤ የሊማሊሞ መንገድና የመካኒኮቻችን ቃላት ግን ቀሩ።

ውሃው ለምን ቶሎ ፈላ? ሽማግሌው መካኒክ ሲያስረዱኝ «እትዬ፣ ደባርቅ ላይ ባቄላ ቀቅለሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አዎን፣ አውቃለሁ። ጎንደር ላይ ከሚበስልበት ጊዜ ይዘገያል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ናቸው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃም በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ ደባርቅ ላይ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለዚህ ነው ባቄላው የሚዘገየው። የራዲያተር ክዳን ሥራው ውሃውን አፍኖ በመያዝ ቶሎ እንዳይፈላ ማድረግ ነው። ክዳኑ ካላፈነ፣ ደጋ ላይ ያለ ሞተር ቶሎ ይቃጠላል። እኔ የቆጠብኩት የክዳን ዋጋ ነበር። ያጠፋሁት ሞተር።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አብሮኝ ሰማ። ወደ እኔ ዞሮም አላየም። ያ ዝምታ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

አሁን ምን እናድርግ? መካኒኩ አራት መንገድ ቆጠሩልን። የመጀመሪያው የራሳችንን ሞተር አውርዶ ማደስ ነበር። ነገር ግን ቴስታታው መለወጥ፣ ኮሎውም ቶርኖ ቤት መግባት ነበረበት፤ ሁሉ ሲደመር ከሌላ ሞተር ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛው ባለቤቴ የወደደው ነው፤ ተርቦ ያለውና በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ ዓይነት ሞተር። እውነት አለው። ደባርቅ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ጉልበቱን ያጣል፤ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋውም ናፍጣውን የሚያቃጥልበት አየር ስለሚያንሰው ነው። ተርቦ አየሩን ገፍቶ ያስገባለታል። መካኒኩ ግን «መጋቢ፣ ዳባት ላይ ቢቆምብዎ ማን ይከፍተዋል?» ብለው ጠየቁት። ያ ሞተር ንጹሕ ናፍጣ፣ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመርና በኮምፒውተር የሚመረምር ባለሙያ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ የምንገዛበት ጊዜ ነበር።

ሦስተኛው የዚያው የሞተራችን ታላቅ ወንድም ነው። የእኛ 2ኤል የሚባለው ሲሆን 2,446 ሲሲ ነው። 3ኤል 2,779፣ 5ኤል ደግሞ 2,986 ሲሲ ናቸው። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ ብዙ ነገር ሳይቀየር በዚያው መቀመጫ ላይ ይቀመጣሉ። ተርቦ የላቸውም፤ ነገር ግን ሰፋ ያለው ሞተር በሳሳ አየር ላይ የሚያጣውን ያህል አጥቶም ከድሮው ይሻላል። መለዋወጫውም በየከተማው አለ፤ የገጠሩም መካኒክ ያውቀዋል።

አራተኛውን የነገረን ደላላ ነው። ያው 3ኤል፣ ዋጋው ግን የሁለት ወር ደመወዛችንን ያህል የሚቀንስ። ምክንያቱም የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የለውም። «የመጋቢን መኪና ማን ይፈትሻል?» አለና ሳቀ።

ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ልቤ ወደዚህኛው አዘነበለ። በጥፋቴ የመጣውን ኪሳራ ለማሳነስ ፈለግሁ። ማታ ለባለቤቴ «ቁጥሩን ማን ያያል?» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ ቀን ተናገረ። «ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ዕዳውን አብረን እንከፍላለን። በሐሰተኛ ሚዛን ግን አንከፍልም» አለኝ። አለቀስኩ። ከዚያ እኔም ስለ ክዳኑ፣ ስለ ችኮላዬም ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም በበኩሉ ትልቁን ሞተር የፈለገው ለአገልግሎቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሌሎች መኪኖች ዳገት ላይ ሲያልፉት ይቆጨው እንደነበር ነገረኝ። ተሳሳቅን። ምርጫው ያን ሌሊት አለቀ።

ባለቤቴ ከጎንደር ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ወረደ፤ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። መካኒኩ የሚመረምረውን በወረቀት ጽፈው ሰጥተውት ነበር። ለሚገዙ ወገኖች ይጠቅም እንደሆነ እነሆ፦ ሞተሩ በእጅ ሲዞር ያለ ችግር ይዙር። የዘይት መክፈቻው ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ገብቶበታልና ተወው። የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ፤ ቁጥራቸው ተቀራራቢ ይሁን። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ በዘይት መክፈቻው ብዙ ጭስ ከወጣ ፋሻው አልቋል ማለት ነው። ቁጥሩ ተፍቆ የተጻፈበት እንዳልሆነ፣ ከዲክላራሲዮኑም ጋር አንድ መሆኑ ይታይ።

የተገኘው 3ኤል ጎንደር ሲደርስ ከመግጠማችን በፊት የታይሚንግ ቺንጋው፣ የውሃ ፓምፑና ጎማዎቹ ተቀየሩ። ቺንጋው መንገድ ላይ ቢበጠስ ባልቮላና ፒስተን ይጋጫሉና በዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም። ራዲያተሩም ታጠበ። ክዳኑን ግን ራሴ ሄጄ ገዛሁ፤ አዲስ። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ እስኪሰፍር ድረስ በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በር ላይ ብዙ ቀን ተመላለስን። ደከመን፤ ግን አልተጸጸትንም።

በመጨረሻ እንደገና ወደ ሰሜን ወጣን። ኮሶዬ ላይ ቀስቱን አየሁት፤ ከመሐል አልተነቃነቀም። ወገራን በዝግታ አለፍን። አንድ አውቶቡስ ጥሩምባ እየነፋ አለፈን፤ ባለቤቴ ፈገግ አለ። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ አደርን። በነጋታው ወልቀፊት ላይ ቆመን ሊማሊሞን ወደ ታች አየነው። መንገዱ በገደሉ ላይ እንደ ተጣለ ገመድ ተጠማዞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ባለቤቴ ገና ከላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። መኪናው በሞተሩ ተይዞ፣ ፍሬኑ ሳይግል፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ስንገባ ጋቢዬን አወለቅሁ። ዛሪማ ስንደርስ ሁለታችንም እፎይ አልን።

የቀረውን ትምህርት ደባርቅ ላይ ለባለትዳሮቹ የሰጠነው በመመለሻችን ነው። ያዘጋጀነውን ጽሑፍ ትተን ስለ ክዳኑ ነገርናቸው። ጌታችን በሉቃስ 14 ላይ ግንብ ከመጀመር በፊት ኪሳራን ስለ መቍጠር ያስተማረውን አስታወስናቸው። እኛ የቆጠርነው ዋጋውን ብቻ ነበር፤ ማን እንደሚጠግነው፣ በምን መንገድ እንደሚሄድ፣ ሌሊት ያስተኛን እንደሆነ አልቆጠርንም ነበር። ከትምህርቱ በኋላ አንዲት እናት ወደ እኔ ቀርበው እጄን ያዙና በሹክሹክታ «የእኛም ቤት ክዳኑ አልቋል፤ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ» አሉኝ።

የሚነገራችሁ ትንሽ ነገር ካለ ዛሬ ተነጋገሩ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።