የአባቴ ፒካፕ

ባለፈው ሰሞን የአባቴ ፒካፕ ወደ ቀኝ እየሳበች አስቸገረችው። መሪውን ለቀቅ ሲያደርግ ወደ መንገዱ ዳር ትሄዳለች። "አላይመንቷ ነው፤ ነገ ጋራዥ አስገባታለሁ" አለ።

እኔ ልቤ ድው ድው አለ። መኪናዋን ሳጥብ የፊት ቀኝ ጎማዋን መተንፈሻ በምስማር ተጭኜ፣ ፍስስ ሲል እየሳቅኩ ነበራ! ማታ እራቱ አልወርድ አለኝ።

"አባዬ፣ ጎማውን ያስተነፈስኩት እኔ ነኝ" አልኩት። ዝም አለ።

ጠዋት አብረን ጎሚስታ ጋ ሄድን። ሲለካ ግራው 35፣ ቀኙ 22 ሆነ። ጎሚስታው "ከፊት አንዱ ጎማ ንፋስ ሲጎድለው መኪና ወደዚያው ይስባል" አለኝ። ሲሞላላት ቀጥ ብላ ሄደች።

አባቴ አልመታኝም። "ቁልቁለት ላይ ድንገት ፍሬን ብይዝስ ኖሮ?" ብቻ አለኝ። ጥያቄው እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።