«ጴንጤ» ሶዶ ሲደርስ

ሰርግ ተጠርታችሁም ይሁን ለጉባኤ፣ በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ከዳሞታ ተራራ ሥር ስትደርሱ፣ አንድ የለመዳችሁት ቃል ትርጉሙ ይለወጥባችኋል። ቃሉ «ጴንጤ» ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ቃል ሰውን ከሰው ይለያል። ቢራ አልጠጣም ያለ ሰው «ጴንጤ ሆንክ እንዴ?» ይባላል። ውስኪ የማይቀርብበት፣ መዘምራን የሚዘምሩበት ድግስ «የጴንጤ ሰርግ» ነው። ያው ቃል ከተቆጣ ጎረቤት አፍ ሲወጣ ስድብ ይሆናል፤ ወጣቶቻችን ሲጠራሩበት ደግሞ ቁልምጫ።

ሶዶ ላይ ግን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከዞኑ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሮቴስታንት ነው። የባጃጁ ሾፌርም፣ ሥጋ ቆራጩም፣ የባንኩ ገንዘብ ከፋይም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ጴንጤ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አያስደነግጥም። ይልቅ «የትኛው ቤተ ክርስቲያን?» ይከተላል።

ቃሉ ራሱ ከሩቅ የመጣ ነው። ሥሩ በግሪክ «ሃምሳኛ» ማለት ሲሆን፣ ከበዓለ ሃምሳ ስም ከጴንጤቆስጤ ተቆርጦ የቀረ ነው። የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በተማሪዎች መካከል ሲስፋፋ፣ በ1959 ዓ.ም. የተመሠረተችው ሙሉ ወንጌልም ከመንግሥት እውቅና ስትከለከል፣ ስሙ የእነርሱ መጠሪያ ነበር። በደርግ ዘመን ግን በልሳን ጉዳይ ከእነርሱ ጋር የማይስማሙት ቃለ ሕይወትና መካነ ኢየሱስ ሁሉ በዚያው ስም ተጠሩ። ካድሬው ስለ ትምህርተ መለኮት ልዩነት ምን አስጨነቀው! በወላይታም ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የወላይታ አማኝ ከቃሉ በዕድሜ ይበልጣል። የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን የመጡት በ1920 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አማኞች በ1926 ተጠመቁ። በ1929 ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ፣ የሚሲዮኑ ታሪክ እንደሚለው የተጠመቁት ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው። በዚያ ዘመን ታስሮ የተገረፈውን ዋንዳሮን ማንም «ጴንጤ» ብሎ አልሰደበውም፤ ስድቡ ገና አልተፈጠረም። ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ በወላይትኛ «ዎሳ ኬታ» ናት፤ የጸሎት ቤት ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእናንተ ለባለትዳሮችና ለእጮኛሞች ትልቅ ጉዳይ ነው። «ጴንጤ ናት?» ብሎ የሚጠይቅ አባት «አዎ» ሲባል ልቡ ያርፋል። ግን ምን ተመለሰለት? ከቤተሰቡ ተገፍቶ ጌታን የተቀበለ የአዲስ አበባ ልጅ «ጴንጤ ነኝ» ሲል የተወውን ነገር መናገሩ ነው። አያቷ በጣሊያን ዘመን ያመኑ የሶዶ ልጅ ያንኑ ስትል የወረሰችውን መናገሯ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲመጣ ግን ልዩነቱ ገበታ ላይ ይወጣል። እሷ ጥሬ ሥጋው ከዳጣ ጋር ቀርቦ ዘመድ ሲሰባሰብ የልጅነት ቤቷን ታያለች፤ እሱ ደግሞ ትቶት የመጣውን የድግስ ዓለም ያይና ፊቱን ያጠቁራል። አማቶቹ «አማችን ኮራ» ይላሉ።

እኔ ብጠየቅ፣ ይህ ወሬ ከሰርጉ በፊት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ መኪናው ሆሳዕናን ሳያልፍ መነሣት አለበት። «ጴንጤ ነን» ብላችሁ አትለፉት። የተውከው ምንድን ነው? የወረስሽው ምንድን ነው? ከሁለቱ ለልጆቻችን የቱን እናስተላልፋለን? ተባባሉ። ሶዶ ስትደርሱ ደግሞ ከአማቶቻችሁ መካከል በዕድሜ የገፉትን ቀረብ ብላችሁ፣ በልጅነታቸው ሰዎች አማኞችን ምን ብለው ይጠሯቸው እንደነበር ጠይቋቸው። ቡናው እስኪፈላ ብዙ ያወሯችኋል።