ዘፋኝ የሌለበት መድረክ

ንግግር አይሆንልኝም። በአዊ ዞን፣ አዲስ ቅዳም ስናድግ ቤት ውስጥ አገውኛ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ አማርኛ ነበር የምንናገረው፤ እኔ በሁለቱም ቋንቋ በልቤ ካለው ግማሹን እንኳ ማውጣት አልችልም ነበር። ለቅሶ ቤት ገብቼ «እግዜር ያጥናችሁ» ካልኩ በኋላ የሚቀጥለው ቃል ይጠፋኛል። የምወደውን ሰው ላመሰግን ተነሥቼ ምንም ሳልል የተቀመጥኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ለረጅም ጊዜ ለማንም አልገለጥኩም። ዛሬ የምገልጠው፣ ከአፌ ያልወጣውን የሚያወጣልኝ ነገር ስላገኘሁ ነው፤ እሱም ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዘፈን ስሰማ የምጠብቀው ዘፋኙ አረፍ ብሎ ሳክስፎኑ ወይም ክራሩ ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ ነበር። ሬዲዮ በፕሮግራምና በፕሮግራም መካከል የሚለቃት ክላሲካል ሳልጠግባት ስትቋረጥ እበሳጭ ነበር። ይህን ለሰው መናገር ግን ያሳፍረኛል። እኛ ቅኔ ወዳድ ነን፤ ዘፈን ስንሰማ ጆሯችን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ግጥሙ ነው። «ምን አለ?» እንላለን፤ ሰሙን ይዘን ወርቁን እንፈልጋለን። ምንም የማይል ሙዚቃ የምወደው እኔ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ካለው ነገር አንዱ የጎደለኝ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሁለት ሆነን እንጫወታለን። እሱ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዟል። እኔ ከበሮ እመታለሁ፤ ከጎኔ ባለው ላፕቶፕ ደግሞ ምስሎቹን እመራለሁ። ከኋላችን አቡጀዲ እንወጥራለን፤ ሲመሽ ፕሮጀክተሩ ይበራል። ዘፋኝ የለንም። የምንጫወተው ሮክ ነው፤ ቅኝቱ ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ነው። ጓደኛዬ አንድ ሐረግ ተጫውቶ ሉፕ ፔዳሉን በእግሩ ሲረግጠው፣ መሣሪያው ያን ሐረግ ቀድቶ እየደጋገመ ያሰማል። እሱ በላዩ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ይደርባል። ሁለት ሰው ሆነን የአራት የአምስት ሰው ድምፅ የምናወጣው በዚህ ነው።

ቀዳሚዎች አሉን። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ዓለምን የዞረው በአብዛኛው ያለ ዘፋኝ ነው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው «ቸ በለው» በተባለው ሸክላ፣ ዘፋኝ በሚቆምበት ቦታ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ቆሟል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከመጀመሪያ ሸክላቸው አንሥቶ ብቻውን በሚናገር ፒያኖ ታወቁ፤ በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ ዕድሜያቸው 99 ነበር። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው «ኤርታሌ» የሮክ ጊታርና የእኛ ቅኝት አብረው መኖር እንደሚችሉ አሳየን። ከውጭ ደግሞ ራታታት አሉ፤ ማይክ ስትራውድና ኢቫን ማስት የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች። እ.ኤ.አ. ከ2004 የመጀመሪያ አልበማቸው ጀምሮ ዜማውን ለጊታር ሰጥተው፣ መድረክ ላይ ከኋላቸው ምስል እያበሩ ይጫወቱ ነበር። ሁለት ሰው፣ ጊታርና ብርሃን እንደሚበቃ ያመንኩት እነሱን አይቼ ነው።

ነገሩን ጠልቄ ሳስበው፣ ያለ ቃል ለመናገር የመጀመሪያ ትምህርት ቤቴ የሠፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበን የሕንድና የካራቴ ፊልም እናያለን። ሂንዲም ቻይንኛም የሚሰማ አልነበረም፤ ሆኖም ማን እንደተከዳ፣ ማን ሊሞት እንደሆነ፣ መቼ ማልቀስ እንዳለብን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ምስሉና ሙዚቃው ይነግሩናል፤ የቀረውን እኛው እንሞላዋለን። ስንወጣ ታሪኩን እየተቀባበልን እንተርካለን፤ ሁሉም የሚተርከው የየራሱን ፊልም ነበር።

ዋናውን ነገር ያስተማረኝ ግን አንድ ሙከራ ነው። ጓደኛዬ በአምባሰል ቅኝት የሠራት አጭር ዜማ ነበረች። አንድ ጊዜ ከዲከረንስ ምስል ጋር አቀረብናት። በወረዳችን በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ እየተከለ፣ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራበት፣ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላም ቆርጦ ከሰል ያከስለው ነበር። እኛ የቀረጽነው አፈር ከለበሰው የእንጨት ክምር ማለዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚወጣውን ጭስ ነው። ሌላ ጊዜ ያችኑ ዜማ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ከሚጋልቡት የአገው ፈረሰኞች ምስል ጋር አቀረብናት። ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል፤ በዓሉ በዓድዋና በሌሎች ዘመቻዎች የዋለውን ፈረስ ያስባል። ጭሱን ያዩት ዜማዋን ሙሾ ናት አሉ። ፈረሱን ያዩት ሽለላ ናት አሉ። አንዲት ድምፅ እንኳ አልቀየርንም ነበር።

የፊልም ሰዎች ይህን ቀድመው ያውቁታል። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው የሶቪየት ፊልም ሠሪ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የአንድን ተዋናይ አንድ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር እያጋጠመ አሳየ፤ ተመልካቹም ባልተለወጠው ፊት ላይ ረሃብን፣ ሐዘንንና ፍቅርን እንዳነበበ ይነገራል። ነገሩን በጽሑፍ ማወቅና በገዛ ጎረቤቶቼ ፊት ማየት ግን ለየቅል ነው። ያን ምሽት ደስታም ፍርሃትም ተሰማኝ። የአንድን ሰው ሐዘን ወደ ፉከራ፣ ፉከራውን ወደ ሐዘን የማዞር ኃይል በእጄ ነበር። ኃይሉን እንዴት እንደምይዘው መማር ነበረብኝ።

ለዚህም ሌሎች ምስልን ከሙዚቃ ጋር እንዴት እንደሚያገናኙ ተመለከትኩ። የእኛን አገር የዘፈን ክሊፕ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ግጥሙ አበባ ሲል አበባ ይመጣል፤ ፈረስ ሲል ፈረስ ይጋልባል፤ ሄደች ሲል ልጅቷ ስትሄድ እናያለን። ምስሉ የቃሉ ገደል ማሚቶ ነው። ቃል በሌለበት ሙዚቃ ይህ አይሠራም። ዜማው ያዝናል ብዬ የሚያለቅስ ሰው ባሳይ፣ ሰሚው የራሱን ሐዘን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣበብኩበት ማለት ነው። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 በሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም የሙላቱን ዜማ ያስገባው፣ አንድ አሜሪካዊ በማያውቀው መንገድ መኪና ሲነዳ ነው። መንገዱ የአሜሪካ ነው፤ ዜማው ግን የሰውየውን ብቸኝነት የራሱ ያደርገዋል። የጋሬት ብራድሊ የ2020 ዘጋቢ ፊልም «ታይም» የስልሳ ዓመት እስር የተፈረደበት ባሏን ለማስፈታት ሃያ ዓመት የታገለች ጥቁር አሜሪካዊት ታሪክ ነው፤ በቤቷ በቀረጸቻቸው ቪዲዮዎች ሥር የሚሰማው የእማሆይ ፒያኖ ነው። ፒያኖው ስለ እስር ቤት፣ ቪዲዮው ስለ ገዳም የሚያውቀው ነገር የለም። የሚገናኙት በሚያየው ሰው ልብ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ለወጥን። ዜማው መጀመሪያ በጨለማ ይጀምራል፤ ሰው የራሱን ምስል እስኪይዝ እንጠብቃለን። ምስሉ ሲመጣ ስሜቱን የሚናገር ሳይሆን ቦታ የሚሰጥ እንዲሆን እንመርጣለን፦ ዝናብ ያባራበት መንገድ፣ ከገበያ በኋላ ባዶ የቀረ ሜዳ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቀርከሃ። የምስሉን መለዋወጥም ከከበሮው ምት ጋር ማጋጠም ተውኩ፤ ዓይን የራሱን ትንፋሽ እንዲተነፍስ።

አንድ ምሽት መንገዱን ብቻ ባሳየንበት ዜማ መጨረሻ፣ አንዲት እናት ወደኛ መጥተው በአገውኛ አባታቸው በፈረስ ሲመጡ እንዳዩ ነገሩኝ። ፈረስ አላሳየንም ነበር። አጠገባቸው የነበረው፣ አገውኛ የማይሰማ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ እኅቱን የሸኘበት መናኸሪያ ትዝ እንዳለው በአማርኛ ነገረኝ። አንድ ዜማ፣ አንድ ባዶ መንገድ፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ሕይወት። ለሁለቱም የምመልሰው ቃል አልነበረኝም፤ በዚያች ሰዓት ግን ቃል ማጣቴ አላሳፈረኝም። የሚባለው ተብሎ ነበር፤ ያሉትም እነሱ ናቸው።

የተማርኩት ይህ ነው። ሰው ሁሉ ልቡ ውስጥ ያልተነገረ ነገር ይዞ ይመጣል፤ የእኛ ሥራ በእሱ ፋንታ መናገር ሳይሆን የሚናገርበትን ቦታ መክፈት ነው። ግጥም ይህን በራሱ መንገድ ያደርገዋል፤ ክብሩም አይቀንስም። ነገር ግን በአዊ ዞን እንደኔ በሁለት ቋንቋ መካከል ያደጉ፣ ድምፅ የላቸውም ተብለው ከመዝሙርና ከኪነት ቡድን የቀሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ለእነሱ የምለው ይህን ነው፦ አንድ ጓደኛና አንድ መሣሪያ ይበቃችኋል። የምታውቁትን ደጅ በስልካችሁ ቅረጹ፣ ነጭ ግድግዳ ፈልጉ፣ ጎረቤት ጥሩ። ከዚያ ተጫወቱ፤ ምን ለማለት እንደፈለጋችሁም አታብራሩ። ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ሞልቶ የመጣ ነው፤ እመኑት።