ቤዙን የማይሰማው ሚዛን

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሰብዉፈር ነው። ፖለቲካ ጠብቃችሁ የመጣችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ወደ ታች ወረድ ስትሉ አዋጅም ጦርነትም ታገኛላችሁ።

ሰብዉፈር ማለት ከሆም ቲያትር ዕቃዎች መካከል ያ ትልቁ ሣጥን ነው፤ ሰዉ «ቤዙ» ይለዋል። ሥራው ትንንሾቹ ስፒከሮች የማይችሉትን ወፍራም ድምፅ ማውጣት ነው። መርካቶም ግቡ ደብረ ታቦር፣ ሻጩ ቀድሞ የሚያስደምጣችሁ እሱን ነው። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል፣ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ደረታችሁ ውስጥ ይገባል፣ ትገዛላችሁ። ቤት ከገባ በኋላም ቁልፉ ብዙ ጊዜ ሻጩ በተወው ቦታ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ዜና አንባቢው ጀሪካን ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስላል። የፊልሙ ንግግር አይለይም፤ ስለማይለይ ቮልዩሙ ይጨመራል፤ ቮልዩሙ ሲጨመር ቤዙም አብሮ ይጨምራል።

የጋይንት ልጅ ነኝ። ለቤተ ክህነት ሰው ጋይንት ማለት ቤተልሔምና ዙር አምባ ነው፤ ቤተልሔም የድጓ ምስክር፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት። ከዚያ አገር የወጣ ሰው፣ እንደኔ የቆሎ ተማሪ ሆኖ የማያውቅ እንኳ፣ በጆሮው የሚያውቀው ነገር አለ፦ የሰው ድምፅ ይቀድማል። ተማሪው ዜማውን በጉሮሮው ብቻ ይዞ ዓመታት ይዘልቃል። መቋሚያው፣ ጽናጽሉና ከበሮው በአቋቋም የሚጨመሩት በዚያ ላይ ነው። ከበሮው ዜማውን ከሸፈነው ደግሞ የሚወቀሰው መቺው እንጂ ከበሮው አይደለም። ሆም ቲያትርም የሚስተካከለው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ንግግሩ የሚወጣባቸው ስፒከሮች፣ ከዚያ ቤዙ።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረጉኝ አክስቴ ናቸው። ለሕክምና ከነፋስ መውጫ መጥተው እኔ ጋ ሰንብተው ነበር። አንድ ቀን ማታ 4 ሰዓት ገደማ ጎረቤቴ የጦር ፊልም ከፈተ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ በመካከላችን አንድ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ አለ። እኛ ጋ ንግግሩ አይሰማም፣ ሙዚቃውም አይሰማም፤ የሚያልፈው ጉርምርምታው ብቻ ነው። አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመኝታ ቤት ወጡና «አንተ ልጅ፣ ይሄ በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

ምን እንደሆነ አልጠየቁም። የጠየቁት አቅጣጫውን ነው።

«ፊልም ነው እትዬ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው።»

«ፊልም እንዲህ ይላል?» አሉና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፊልሙ እስኪያልቅ አልተኙም።

በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ዘጠኝ ቀን ቆይታለች። በዚያው ወር ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመትታለች። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የክልሉ ውጊያ አለ። የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ሰው ባለፉት ዓመታት ሳይፈልግ የተማረው ትምህርት ቢኖር ድምፅን በርቀትና በአቅጣጫ መለየት ነው። አክስቴን «ፈሩ» ብዬ አላልፋቸውም፤ በትክክል ነበር የሰሙት። የጉና ሰው ነጎድጓድን እንደሚያውቀው ነው። መብረቁ አጠገብህ ሲወድቅ ጧ ይላል፤ ከተራራው ማዶ ሲሆን ያጉረመርማል። ቀጭኑን ድምፅ አየሩና መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ሲበላው ወፍራሙ ይተርፋል። ግድግዳም እንደዚያው ነው፤ ቀጭኑን ያስቀራል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል። በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ የብሎኬት ግድግዳ ለእሱ ምኑም አይደለም። እናም በግድግዳ የተጣራ የፊልም ፍንዳታ ከሩቅ ከሚሰማ እውነተኛ ፍንዳታ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቤዝ እያስጮኹ ማስደንገጥ በፈረንጆቹ 1974 በወጣ የመሬት መንቀጥቀጥ ፊልም ሲኒማ ቤት ውስጥ ገንዘብ ያስገኘ ዘዴ ነው። እዚያ ግን የተንቀጠቀጠው ሰው ትኬት ቆርጦ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቴን አናገርኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ ደነገጠ። ቀጥሎ ያለኝ ነገር ግን ገረመኝ፦ «እኔ'ኮ በሚገባ አስተካክዬዋለሁ፣ በመለኪያ።» ስልኩን አሳየኝ። የድምፅ መለኪያ አፕ ጭኗል። አምፕሊፋየሩ «ሹ» የሚል የሙከራ ድምፅ በየተራ ያወጣል፤ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን ስፒከር 75 ዲሲብል ላይ አምጥቶታል። ሰብዉፈሩ ጋ ሲደርስ ግን ቁልፉ መጨረሻ ደርሶም 75 አልሞላ አለው። «ደካማ ነው፣ ልለውጠው እያሰብኩ ነው» አለኝ። ግድግዳዬን የሚያንቀጠቅጠውን ሣጥን ደካማ ነው ሲለኝ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ችግሩ አንድ ፊደል ነበር። የድምፅ መለኪያዎች ሁሉንም ድምፅ እኩል አይመዝኑም። በአብዛኞቹ ላይ ቀድሞ ተመርጦ የሚመጣው «ኤ» የሚባለው ሚዛን ነው። የሰው ጆሮ ዝግ ባለ ድምፅ ጊዜ ቤዝን አሳንሶ ስለሚሰማ፣ ይህን ለመምሰል ሲባል «ኤ» ወፍራሙን ድምፅ ከሒሳቡ ይቀንሳል። በ125 ኸርዝ 16 ዲሲብል፣ በ63 ኸርዝ 26፣ በ31.5 ኸርዝ 39 ዲሲብል። ለጆሮ ጥሩ ግምት ሊሆን ይችላል፤ ሰብዉፈር ለማስተካከል ግን መለኪያውን አደንቁሮ እንደመለካት ነው። መለኪያው የደበቀውን ለማሟላት ቁልፉ ይዞራል። 20 ዲሲብል መጨመር ደግሞ 100 እጥፍ ኃይል ነው።

«ሲ» የሚባል ሌላ ሚዛን አለ፤ ይህኛው በ31.5 ኸርዝ እንኳ የሚቀንሰው 3 ዲሲብል ብቻ ነው። አፑ ላይ «ሲ»ን መረጥን፣ ንባቡንም ዝግ አደረግነው። የስልክ ማይክ እጅግ ወፍራም ድምፅ ላይ ደካማ ስለሆነ ፍጹም አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል። ከዚያ በፊት ሣጥኑን ከእኔ ግድግዳ ጥግ አወጣነው፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ ቤዝ ከሁለት ግድግዳና ከወለሉ እየተመለሰ ያብጣል። ጥሩ ቦታ ለማግኘት ያለው ዘዴ የሕፃን ጨዋታ ይመስላል፦ ሰብዉፈሩን ሶፋው ላይ አስቀምጠህ ራስህ ወለሉ ላይ እየዳህክ ድምፁ ሳያብጥም ሳይጠፋም እኩል የሚሰማበትን ቦታ ትፈልጋለህ፤ ሣጥኑ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የሁለት ልጆች አባት ሲድህ አይቻለሁ።

ቀጥሎ መከፋፈያውን 80 ኸርዝ ላይ አደረግነው፤ የወንድ የንግግር ድምፅ እንኳ ከዚያ በታች እምብዛም አይወርድምና ንግግሩ በሙሉ ለትንንሾቹ ስፒከሮች ይቀራል። ከኋላው ያለችውን 0 እና 180 የምትል ማብሪያ ወዲህና ወዲያ አድርገን ሶፋው ላይ ሞላ ብሎ የተሰማውን መረጥን። በመጨረሻ ደረጃው። 75 የሞላው ቁልፉ ከግማሽ በታች ሲሆን ነው። ያንኑ ፊልም ከፈተልኝ። ወታደሮቹ እርስ በርስ የሚሉትን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ነገረኝ። ማታ ማታ ደግሞ ጩኸቱንና ዝግታውን የሚያቀራርበውን የሌሊት ማስተካከያ ያበራል። ከሣጥኑ ሥር ላስቲክ አንጥፏል፤ ለወለሉ ጥቂት ይረዳው ይሆናል፣ ለግድግዳው ግን የረዳው ቁልፉ መውረዱ ነው።

አሁን ወደ አዋጁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን እንደ ብክለት ይቆጥራል። የወጣው የደረጃ ሰንጠረዥ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዲሲብል ይፈቅዳል። ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው። ሚዛኑ ግን ያው የጎረቤቴ ሚዛን፣ «ኤ» ነው። እስቲ አስሉት። በሌሊት መኝታ ቤትህ ውስጥ 63 ኸርዝ ላይ የሚመታ 70 ዲሲብል ቤዝ ገባ እንበል፤ ትራስህን ገልብጠህ ጆሮህ ላይ ብትጭንም የማታመልጠው ድምፅ ነው። ከ70 ላይ 26 ሲቀነስ 44። ሕጋዊ ነው። ተቆጣጣሪው መጥቶ፣ ለክቶ፣ «ምንም የለም» ብሎ ቢሄድ ቁጥሩ አልዋሸም፤ አንተም አልዋሸህም።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 1999 ባወጣው የማኅበረሰብ ድምፅ መመሪያ፣ በ«ሲ» እና በ«ኤ» ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዲሲብል ካለፈ ድምፁ በየድግግሞሹ ተለይቶ እንዲመረመር ይመክራል። በእኛ ምሳሌ ልዩነቱ ከ20 በላይ ነው። ጭፈራ ቤት በድምፅ ብክለት ታሸገ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ በየትኛው ፊደል እንደተለካ ግን ማንም አይነግረንም። የምጠይቀው አዲስ ሕግ እንኳ አይደለም። ለክቶ የሚመዘግበው ሰው ከ«ኤ»ው ጎን «ሲ»ውንም ይጻፍ። ሁለቱንም የሚለካ መሣሪያ ብርቅ አይደለም፤ ጎረቤቴ ስልክ ላይ እንኳ አለ።

የሕንፃችን የነዋሪዎች ስብሰባ እሑድ ነው። ሐሳቡን የሚያቀርበው ጎረቤቴ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ያለው ልጅ አዲስ ሰብዉፈር ማስገባቱን ሰምቷል።