በቶኪዮ የጊታር ቁልቁለት ላይ

ጊታር! ከኦቻኖሚዙ ባቡር ጣቢያ ወጥቼ መንገዱን ስሻገር ፊት ለፊቴ ጊታር፣ ጎኑ ጊታር፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ቤት ደግሞ እስከ ጣሪያው ጊታር። ቶኪዮ የገባሁት ለአጭር ሥልጠና ነው። አብሮኝ የሚሠለጥነው ሰው «ሙዚቃ የምትወድ ከሆነ እዚያ ሂድ» ሲለኝ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠብቄ ነበር የመጣሁት። ከጣቢያው እስከ ሱሩጋዳይሺታ መስቀለኛ ድረስ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ግን ግራና ቀኙ የሙዚቃ መሣሪያ ቤት ነው። አንዱ ቤት ምድር ቤቱን ለቤዝ፣ ፎቁን ለአኮስቲክ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለአሮጌ ዕቃ ሰጥቶታል። ለግራኞች ብቻ የሚሸጥ ሱቅ እንኳ አለ! እኔ ግራኝ አይደለሁም፤ ገብቼ ግን በደስታ አየሁት።

እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር የሚሸጥ ቤት ብታገኝ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ከአንድ ግድግዳ አያልፍም። የጊታር ድምፅ የሚለውጥ ፔዳል ካለ በመስታወት ውስጥ ተቆልፎ ነው። ብዙዎቻችን የምንጫወትበት ፔዳል ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣ ይዞልን የገባ ነው፤ ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚመርጠውም ዘመዱ ነው። እዚህ ቁልቁለት ላይ ምርጫው የኔ ሆነ። ያን ማመን ራሱ ጊዜ ወሰደብኝ።

ቀና ስል ደግሞ ከጊታር ቤቶቹ ጀርባ መስቀል ያለበት ጉልላት አየሁ። የኒኮላይ ካቴድራል ነው፤ በ1891 እ.ኤ.አ. የተመረቀ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ እንደገና የታደሰ። በቶኪዮ መሐል፣ የሮክ ጊታር ከሚሸጥበት መንገድ አጠገብ! ተሳልሜ አለፍኩ።

የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው፦ ዋጋው የማይጎዳ ዲስቶርሽን ፔዳል። በሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» ላይ ያለውን ሻካራ ጊታር ከሰማሁ ጀምሮ ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። በኋላ ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ደግሞ የኛ ዜማ ከከባድ ጊታር ጋር ሲጋጭ ሳይሆን ሲስማማ ሰማሁ። ቤቴ ያለው አምፕ ትንሽ ነው፣ ድምፁም ንጹሕ ብቻ ነው። የሚያሻክርልኝ ነገር ያስፈልገኛል።

የፔዳል ፎቁን በር ስገፋ ሳቅኩ። ግድግዳው ሙሉ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፤ የከረሜላ ሱቅ የገባሁ መሰለኝ። ለካ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የተወለዱት እዚሁ አገር ነው። ቦስ የሮላንድ ኩባንያ ቤተሰብ ነው፤ እነዚያን በእግር የሚረገጡ ትንንሽ የብረት ሳጥኖች መሥራት የጀመረው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ብርቱካንማው ዲኤስ-1 በ1978 ወጣ፤ እስከ ዛሬም እየተሠራ ነው። ከርት ኮቤይን ተጠቅሞበታል፣ ጆ ሳትሪያኒም ተጠቅሞበታል። የሁለቱ ድምፅ ምንና ምን ነው! ቢጫው ኤስዲ-1 በ1981 ተከተለ። አረንጓዴው የአይባኔዝ ቱብ ስክሪመርም ጃፓናዊ ነው። ጥቁሩ ራት ብቻ የሩቅ እንግዳ ነው፤ የተወለደው በዚያው በ1978 ሆኖ በሚሺጋን፣ ካላማዙ በምትባል ከተማ ነው። አንድ ጥግ ላይ ኤችኤም-2 ተቀምጧል፤ የስዊድን ዴዝ ሜታል ባንዶች ማዞሪያዎቹን በሙሉ እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ታዋቂ ያደረጉት ነው። ዋጋውን አይቼ ወደ ቦታው መለስኩት።

አንድ ጠና ያሉ ሻጭ መጡ። ጎንበስ አሉ፤ እኔም ጎንበስ አልኩ። በምልክትና በስልክ ትርጉም ተግባባን። ጊታር አውርደው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ ስድስቱንም ክር በጥንቃቄ ቃኝተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነውና። ሳልገዛ ይህን ሁሉ? እንግዳ ተቀባይ ነን የምንል ሰዎች እዚህ መንገድ ላይ ትንሽ ዝም ማለት አለብን።

ትንሽዬ የሮላንድ ጃዝ ኮረስ አምፕ ፊት አስቀመጡኝ። ደስ አለኝ፤ ድምፁ ንጹሕና ደረቅ ስለሆነ የቤቴን አምፕ ይቀርባል። ትልቅ የቱቦ አምፕ ላይ የማያምር ፔዳል የለም፤ ችግሩ ወደ ቤት ስትወስደው ነው የሚመጣው።

የዲስቶርሽን ፔዳል ሥራው ቀላል ነው። ከጊታሩ የሚወጣው ሞገድ ላይና ታች ይላል። ፔዳሉ መጀመሪያ ያሳድገዋል፣ ቀጥሎ ዳዮድ የሚባሉ ጥቃቅን ዕቃዎች የሞገዱን አናት ይቆርጡታል። ያ የተቆረጠ አናት ነው የምንወደው መሻከር። ኤስዲ-1 እና ቱብ ስክሪመር አናቱን በለስላሳው ያጎብጡታል፤ ዲኤስ-1 እና ራት ግን ቀጥ አድርገው ይቆርጡታል። ሌላም ስጦታ አለው፦ ጮክ ያለውና ዝግ ያለው ስለሚቀራረቡ አንዲት የተመታች ክር ቶሎ አትሞትም። ትዝታን በአንድ ክር ስጀምር ድምፁ እየተሳበ፣ እየተሳበ ሄደ። ጊታሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሲንቆ ሆነ! ሻጩ ፈገግ አሉ፤ ምን እንደሰሙ አላውቅም።

ከዚያ ባቲ ሞከርኩ። ባቲ ማይነር፣ ብሉዝና ሮክ ከሚጫወቱበት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ጋር አንድ ስለሆነ በሁሉም ፔዳል ላይ ቤቱ እንደገባ ሰው ተዝናና። የተፈተንኩት በአንቺ ሆዬ ነው። አንቺ ሆዬ ውስጥ በጣም የተጠጋጉ፣ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ጥንዶች አሉ። ዲስቶርሽን ሁለት ድምፅ አብረው ሲገቡበት ከራሱ ሌላ ድምፅ ይፈጥራል፤ ኦክታቭና አምስተኛ ሲሆኑ ይስማማሉ፣ ለዚህም ነው ሮኮች በሁለት ድምፅ ብቻ ኮርድ የሚይዙት። ተጠጋግተው ሲጮኹ ግን ጭቃ ነው። ስለዚህ ለኛ ሙዚቃ ፔዳል የሚመርጥ ሰው ኃይሉን ሳይሆን ማዞሪያው ዝቅ ሲል የሚሰጠውን ድምፅ ይስማ። የዲስቶርሽኑን ማዞሪያ ከሩብ በታች አድርጌ፣ ያለፈችውን ክር በመዳፌ ጠርዝ እያፈንኩ ስጫወት አንቺ ሆዬ ጠራች። እያንዳንዷ ድምፅ ተለይታ ቆመች። ለኔ የቀኑ ግኝት ይህ ነው፤ ከካቴድራሉም ይበልጣል።

ራትን በጣም ወደድኩት፣ አልዋሽም። ፊልተር የሚለው ማዞሪያው ግን የሰው ልማድ ይገለብጣል፤ ወደ ቀኝ ባዞርከው ቁጥር ድምፁ ይጨልማል። ዲኤስ-1 በበኩሉ ቶኑን መሐል ላይ ብትተወው ጆሮ ይወጋል፤ ወደ ግራ ስታወርደው ሰው ይሆናል። ሁለቱን ሳወዳድር የድምፃቸውን መጠን እኩል አደረግሁ፤ ጆሮ ጮክ ያለውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ ይሰማልና። እኩል ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከዋጋቸው ልዩነት አነሰብኝ።

የዋጋው ነገር ደግሞ ያስገርማል። ጃፓኖች አሮጌ ዕቃ ሲሸጡ ጭረቷን ሁሉ ጽፈው ይለጥፋሉ። ካርቶኑ የጠፋ ይቀንሳል፣ ቀለሙ የተላጠ ይቀንሳል፣ መርፌ የምታክል ጭረት ያለው ይቀንሳል። ድምፁ ግን በቀለም አይመጣም! እኛ «አዲስ ነው» ብለን የምንሸጠውን እነሱ «ያገለገለ» ብለው በግማሽ ዋጋ ይሰጡሃል። ጥጉ የተላጠ፣ ካርቶን የሌለው ዲኤስ-1 ያዝኩ። ያኔ ቢያንስ የ5000 የን ዕቃ በአንድ ሱቅ የገዛ ጎብኚ ፓስፖርቱን ሲያሳይ 10 በመቶው የሽያጭ ግብር ይቀርለት ነበር። የኔዋ ፔዳል ብቻዋን እዚያ አልደረሰችም፤ ክርና ኬብል ጨምሬ አደረስኳት።

ዲኤስ-1ን ያስመረጠኝ ዋጋው ብቻ አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለሚኖር ሰው ባትሪ ቁም ነገር ነው። ይህቺ የምትበላው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው፤ የፊቷን ብሎን በጣትህ ፈትተህ ያለ ምንም መፍቻ ባለ 9 ቮልቱን ትቀይራለህ። ስትጨርስ ግን የጊታሩን ኬብል ንቀል፤ ኬብሉ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው እየሠራ ያድራል። ያየሁት ራት የቆየ ስለነበር የኃይል ሶኬቱ ከሌሎች ፔዳሎች የተለየ ነው፤ ለሱ የሚሆን መሰኪያ አገር ቤት ከየት አመጣለሁ?

የሚሄድ ካለ ሁለት ነገር ልንገረው። አሮጌ የቦስ ፔዳል ሲያነሳ ሶኬቱ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ያንብብ፤ ኤሲኤ የሚል ከሆነ የድሮው ነውና በዛሬው አዳፕተር ብቻውን መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፒኤስኤ የሚለውን ይምረጥ። ሻጩ ከፔዳሉ ጋር የሚያቀርብለትን አዳፕተር ደግሞ አመስግኖ ይተወው። የጃፓን ሶኬት 100 ቮልት ነው፣ የኛ 220፤ ለ100 ብቻ የተሠራ አዳፕተር እኛ ግድግዳ ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። አዲስ አበባ ገብቶ መሐሉ ኔጋቲቭ የሆነ ባለ 9 ቮልት አዳፕተር ይግዛ።