ኢንክሌቭ ውስጥ ስህተት ሲፈጠር ከርነሉ ለማን ይንገር?

ሲግናልን ያልረሳችሁ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ለናንተ ናት። የኢንቴል ኤስጂኤክስ ኢንክሌቭ ውስጥ ስህተት ሲፈጠር ፕሮሰሰሩ የሬጅስተሮቹን ይዘት እዚያው ውስጥ ደብቆ ይወጣል። ከርነሉ የስህተቱን ዓይነት ያያል፤ ፔጅ ፎልት ከሆነም የትኛው ፔጅ እንደሆነ ያውቃል። በቃ።

ራሱ ሊፈታው ካልቻለስ? በተለመደው መንገድ ሲግናል ይልካል። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። የሲግናል ሃንድለር ለመላው ፕሮሰስ አንድ ነው፤ ላይብረሪዎች ይሻሙበታል። ጃቫ እንኳ የሴግፎልት ሲግናልን ለገዛ ሥራው ይፈልገዋል። ኢንክሌቭ የሚጠቀም ላይብረሪ መጥቶ ቢቀማውስ? ጉድ ነው!

በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ሊኑክስ 5.11 የተሻለ መንገድ ይዞ መጣ፦ ኢንክሌቩ የሚጠራው በቪዲኤስኦ ፈንክሽን በኩል ከሆነ፣ ሲግናሉ ቀርቶ ፈንክሽኑ ራሱ የስህተቱን ቁጥርና አድራሻ ይዞ ወደ ጠሪው ይመለሳል። የጠራው ይጠየቃ፣ ሌላው ምን አገባው? አሴምብሊ የማያስፈራችሁ ልጆች ኮዱን ክፈቱት፤ አጭር ነው።