እንግዳው እህል በፎገራ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው የርብን ድልድይ አልፎ ወደ ጎንደር፥ ሁለተኛው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ይዘልቃል፤ ይህንንም ሁለተኛውን መንገድ የሠሩት ቻይናውያን መሐንዲሶች ናቸው። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ በነሐሴ ወር ያየ ሰው፥ ውሃ ተኝቶበት ከውሃውም ውስጥ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ብሎ ሲመለከት፥ በሥዕል የሚያውቀው የጃፓን አገር ይመስለዋል።

ሩዝ በዚህ ሜዳ መጻተኛ ነው። እርግጥ ነው፥ ዘመዱ የሆነው የዱር ሩዝ ሰው ሳይዘራው በረግረጉ ውስጥ ይበቅል ነበር። የሚበላውን ሩዝ ግን በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት አስሞከሩት፤ እስከ ዛሬም ብዙ የሚዘራው ዘር ኤክስ ጅግና ይባላል። ባለሙያዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እህሉ ግን ቀረ።

የቀረውም በባልትና ነው። የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ሩዙን ቀቅለው በጎድጓዳ ሳሕን ይበሉታል። የፎገራ እመቤት ግን አስፈጭታ፥ ብቻውን ሲጋገር ቶሎ የሚደርቅና የሚሰባበር ስለ ሆነ ከጤፍ ጋር ቀላቅላ እንጀራ ታደርገዋለች፤ በጾም ወራት ሽሮ የሚፈስበት ይኸው ነው። ጠላም ትጠምቅበታለች፥ አረቄም ታወጣበታለች። ጃፓናውያንም ከዚሁ እህል ሳኬ የሚሉትን መጠጥ ያዘጋጃሉና፥ በዚህስ ረገድ ሳንማማር ተስማምተናል።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የጃፓን የትብብር ድርጅት ጃይካ በወረታ ያለውን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መርዳት ያዘ። በጃፓን ችግኙን አፍልተው በመስመር ይተክሉታል፤ የእኛ ገበሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘሩን በእጁ ይበትነዋል። ይህን አይቶ ገበሬውን በስንፍና የሚወቅስ ሰው፥ በክረምት ቤተ ሰቡ በሙሉ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያርም ይመልከት። መስመር ለአረም ያመቻል፤ ነገር ግን ችግኝ መትከሉ ራሱ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል።

በሰኔ የተዘራው በኅዳር ታጭዶ ሲነሣ፥ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ስለዚህ ቀድሞ ክረምት የሚያጠፋው መሬት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያበላ ሆነ። የገበሬውም ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፤ ይህ ሊካድ አይገባም።

ጉዳቱ በከብቶቹ ላይ ነው። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ነበረች፤ ሜዳውም ግጦሿ ነበር። የግጦሹ መሬት እየታረሰ በሄደ ቁጥር ለከብቱ የተረፈው የሩዝ ገለባ ነው፤ ገለባም ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም። ሽማግሌዎች በዚህ ሲያዝኑ፥ ወጣቶቹ ደግሞ የሩዙን ገንዘብ ይቈጥራሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ለመንጋው ማዋያ የሚሆን መሬት ከየቀበሌው ተከልሎ ካልቀረ፥ የጥንቱን የፎገራ ዘር ለማየት የሚሻ ሰው ፎገራን ትቶ፥ ዘሩ ተጠብቆ ወደሚረባበት በባሕር ዳር አቅራቢያ ወዳለው የአንዳሳ የከብት ምርምር ማዕከል መሄድ ሊኖርበት ነው።